«ለምን ወደቅሁ?» ያለው ተማሪ፤ የጁዶ ብልሃትና ምክንያቱ

በ1877 ዓ.ም. በቶክዮ ከተማ፣ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ በሚባሉ የትግል መምህር ቤት፣ ዕድሜው ወደ አሥራ ሰባት የሚጠጋ አንድ ቀጭን ተማሪ ከወደቀበት ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ አንድ ጥያቄ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) መምህሩ አሁን በቅጽበት አንሥተው ጥለውታል፤ እንዴት እንደ ጣሉት ግን ተማሪው ልብ ለማለት ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ እጅዎን የት አሳረፉ፣ እግርዎንስ እንዴት አንቀሳቀሱ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። መምህሩም ቃል ሳይመልሱ «ና!» ብለው እንደ ገና ጣሉት። ተማሪው ተነሥቶ ያንኑ ጥያቄ ደገመ፤ መምህሩም ያንኑ መልስ ደገሙ። እንደዚህ ደጋግመው ከጣሉት በኋላ ነው መምህሩ አፋቸውን ከፍተው፣ እንዲህ ያለው ነገር በመጠየቅ የሚታወቅ ሳይሆን ደጋግሞ በመሥራት የሚለመድ ነው ሲሉ የነገሩት።

ይህ ተማሪ ካኖ ጂጎሮ ይባላል። በኋላ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀውን ጁዶ የተባለውን የትግል ጥበብ የመሠረተ እርሱ ነው። የተወለደው በ1860 ዓ.ም. ኮቤ አጠገብ በምትገኝ ሚካጌ በምትባል ስፍራ ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 ያልደረሰ፣ ሰውነቱም ደቃቃ ስለ ነበረ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ጡንቸኞች ልጆች ብዙ ጊዜ መከራ አሳይተውታል። ጉልበት የሌለው ሰው ጉልበተኛውን የሚረታበት ጁጁትሱ የሚባል ጥበብ እንዳለ ሰምቶ መምህር ቢፈልግ ግን በቀላሉ አላገኘም። በጃፓን የሳሙራዮች ዘመን አልፎ፣ አዲሱ መንግሥት ፊቱን ወደ አውሮፓ ትምህርት አዙሮ ነበርና፣ የጥንቱ ትግል ያለፈበት ነገር ተብሎ ተንቆ ነበር። አያሌዎቹ መምህራን ወጌሻ ሆነው የተሰበረ በመጠገን ይተዳደሩ ነበር። ካኖም ይህን ስለ ሰማ፣ ወጌሻ ባየበት ሁሉ እየገባ ጁጁትሱ ያውቁ እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። ፉኩዳንም ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

አንባቢዬ፣ በመምህሩ በፉኩዳ ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። እኛም ብንሆን ይህን የመሰለውን ትምህርት እናውቀዋለን። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ዳዊትን በግዕዝ ሲደግም፣ የቃሉ ትርጓሜ ምን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ገና ብዙ ዓመታት ይቀሩት ነበር። ንባቡ ይቀድማል፤ ትርጓሜው ይከተላል። የፉኩዳም አስተያየት እንደዚሁ ነው፦ በመጀመሪያ ሰውነትህ ይወቀው፤ አእምሮህ በኋላ ይደርስበታል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። መዋኘትን በጽሑፍ ተምሮ ወንዝ የተሻገረ ሰው የለም። ዳሩ ግን ካኖ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ቀን ቀን የፖለቲካና የኤኮኖሚ ትምህርት ይማራል፤ በዚያም ቤት ለማናቸውም ነገር ምክንያቱ ይጠየቃል። ማታ ማታ ደግሞ ምክንያት በማይጠየቅበት ምንጣፍ ላይ ይወድቃል። ሰውነቱ ሁሉ ቍስልና ሰንበር ስለ ነበረ የሚቀባው መድኃኒት ሽታ አብረውት ለሚማሩት ጓደኞቹ መሣቂያ አድርጎት እንደ ነበር ራሱ ተርኮታል።

በዚያው በፉኩዳ ቤት ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ተማሪ ነበረ። ካኖ የፈለገውን ቢያደርግ ይህን ሰው ሊጥለው አልቻለም። የተማረውን ሁሉ ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደና ስለ አውሮፓውያን ትግል የተጻፈ መጽሐፍ አገላበጠ። በመጽሐፉም ውስጥ፣ አንዱ ተጋጣሚ ከሌላው ሥር ዝቅ ብሎ ገብቶ፣ በአንድ እጁ ክንዱን በሌላው እጁ ጭኑን ይዞ፣ እንደ ጆንያ በትከሻው ላይ ጭኖ ሲጥል የሚያሳይ ብልሃት አገኘ። ይህንኑ ለብቻው አሰበበት፤ በጓደኞቹም ላይ ሞከረው፤ ከዚያም ፉኩሺማን ገጠመና ትልቁን ሰው በትከሻው ላይ አሽከርክሮ ጣለው። ዛሬ ይህ ብልሃት ካታ ጉሩማ ይባላል፤ የትከሻ መንኰራኵር እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ካኖ የመጀመሪያውን ትልቅ ድሉን ያገኘው ምንጣፍ ላይ ደጋግሞ በመውደቅ ብቻ አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከባድን ዕቃ ለማንሣት ከሥሩ መግባት የሚቀለው ለምንድን ነው ብሎ በማሰብም ጭምር ነው።

ፉኩዳ በ1879 ዓ.ም. ሞቱ። ካኖም ኢሶ ወደሚባሉ መምህር ሄደ፤ እርሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። ሦስተኛው መምህሩ ኪቶ ከተባለው የትግል ወገን የሆኑት ኢኩቦ ናቸው። ኢኩቦ ዕድሜያቸው ከአምሳ አልፎ ሳለ ወጣቱን ካኖን እንዳሻቸው ይጥሉት ነበር። አንድ ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ካኖ ሽማግሌውን አንድ ጊዜ ጣላቸው፤ ደገማቸው፤ ሠለሳቸው። ኢኩቦም በነገሩ ተገርመው ምክንያቱን ጠየቁት። የዚህ ታሪክ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ጠያቂው መምህሩ፣ መልስ ሰጪው ተማሪው ሆኗል። ካኖም፣ ሰው የሚጣለው ኃይል ስለ ተደረገበት ሳይሆን ሚዛኑ ስለ ተናጋ መሆኑን እንደ ደረሰበት፣ ከመጣሉም በፊት አስቀድሞ ሚዛኑን ማናጋት እንደሚገባ አስረዳቸው። ኢኩቦም ከእንግዲህ የማስተምርህ የለኝም አሉት።

ይህ ሚዛን የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንመልከተው፤ የቀረው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ማናቸውም አካል የክብደት ማዕከል አለው። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ይህ ማዕከል ከእምብርቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሆዱ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ ነጥብ ወደ መሬት አንድ ቱንቢ ብናወርድ፣ ቱንቢው በሁለቱ እግሮች መካከልና በዙሪያቸው ባለው ስፍራ ውስጥ እስካረፈ ድረስ ሰውየው ይቆማል። ቱንቢው ከዚያ ስፍራ ሲወጣ፣ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ወይ እግሩን ያነሣል ወይ ይወድቃል። በርጩማ ሦስት እግር ስላለው በየትም በኩል ቢገፋ ቶሎ አይገለበጥም። ሰው ግን ሁለት እግር ብቻ ያለው በርጩማ ነው። እግሩን ግራና ቀኝ ዘርግቶ የቆመን ሰው ከጎኑ ብትገፋው ግድግዳ ይሆንብሃል፤ ሦስተኛው እግር ሊኖርበት ይገባ በነበረበት በኩል፣ ማለት በቀጥታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሳብ ወይም ገፋ ብታደርገው ግን በሁለት ጣት ይንገዳገዳል። አንዱን እግር አስቀድሞ ሌላውን አስከትሎ የቆመው ደግሞ ደካማነቱ በጎኑ ነው። አንባቢዬ ይህን በመሥሪያ ቤት ከጓደኛህ ጋር ልትሞክረው ትችላለህ፤ አለቃ በሌለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

ካኖ ሰው ሚዛኑን የሚያጣባቸውን አቅጣጫዎች ስምንት ብሎ ከፈላቸው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝና በእነዚህ መካከል ያሉት አራት ማዕዘኖች ናቸው። የመጣልንም ሥራ በሦስት ክፍል አየው። መጀመሪያው ኩዙሺ ይባላል፤ ማናጋት ነው። ሁለተኛው ጹኩሪ ነው፤ የተናጋውን ሰው ለመጣል ራስን በተገቢው ስፍራ ማስገባት ማለት ነው። ሦስተኛው ካኬ ነው፤ መጣሉ ራሱ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ከሦስተኛው ስለሚነሣ ነው። ዓይን የሚያየው መጣሉን ብቻ ነው፤ የማናጋቱ ሥራ ግን አንድ ጊዜ እጅጌ ሳብ፣ አንድ ጊዜ ኮሌታ ቀና እንደ ማድረግ ያለ ረቂቅ ነገር በመሆኑ ተመልካች አያስተውለውም። ፉኩዳ ሲጥሉት ካኖ ሊያየው ያልቻለው ይኸንኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል ኦሶቶ ጋሪ የተባለውን ብልሃት እንውሰድ። ትርጓሜው ትልቁ የውጭ አጨዳ ማለት ነው። ተጋጣሚህ ፊት ለፊትህ ቆሟል፤ አንተ በጎኑ ታልፍና በቀኝ እግርህ የእርሱን ቀኝ እግር ከኋላ ታጭደዋለህ፤ እርሱም በጀርባው ይወድቃል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። አዲስ ተማሪ ይህን ሲሰማ በሙሉ ኃይሉ እግሩን ይወረውራል። ተጋጣሚው ግን እንደ ዋርካ ቆሞ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚወድቀው አጫጁ ራሱ ይሆናል። ምክንያቱ ምንድን ነው? አጫጁ እግሩን ሲወረውር ደረቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ የራሱን ቱንቢ ራሱ አወጣው ማለት ነው። የተጋጣሚው ክብደት ደግሞ በሁለቱም እግሮቹ ላይ እኩል ተካፍሎ ስላለ አንዱን መምታት ብቻውን ምንም አያደርገውም።

ገበሬ ጤፍ ሲያጭድ የሚያደርገውን አስታውስ። በግራ እጁ ዛላውን ጨብጦ ያዘነብለዋል፤ በቀኝ እጁ ማጭዱን ወደ ሥሩ ይሰዳል። ላይኛው ክፍል ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ታችኛው ወደ ሌላው። ዛላውን ሳይጨብጥ ማጭዱን ብቻ ቢወረውር አገዳው ይተኛል እንጂ አይቈረጥም። በኦሶቶ ጋሪም እንዲሁ ነው። እጆችህ የተጋጣሚህን ትከሻ ወደ ኋላና ወደ ቀኙ ማዕዘን ያዘነብሉታል፤ ክብደቱ ሁሉ በቀኝ ተረከዙ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ደረትህ ደረቱን ይጫነዋል። በዚያች ቅጽበት ተሸካሚውን እግር ወደ ፊት ትጠርገዋለህ። ላይኛው አካል ወደ ኋላ ሲሄድ ታችኛው ወደ ፊት ስለ ሄደ ሰውየው እንደ መንኰራኵር ዞሮ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጉልበት የሚሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው።

ሌላው ምሳሌ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዴ አሺ ባራይ የሚባለው ብልሃት የሚራመደውን እግር መጥረግ ነው። ቅድም ክብደት የተሸከመውን እግር መታን፤ አሁን ደግሞ ክብደት ያልተሸከመውን። እንግዲህ ሕጉ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልካም ጠይቋል። የሚጠረገው እግር ገና መሬት የነካ፣ ነገር ግን ክብደቱን ያልተቀበለ መሆን አለበት። በክረምት ጭቃ ላይ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሰው የሚያንሸራትተው እግሩን ሲያነሣ አይደለም፤ ጸንቶ ከቆመም በኋላ አይደለም፤ አሁን ላርፍበት ነው ብሎ ክብደቱን መስጠት በጀመረበት ቅጽበት ነው። ልቡም ሰውነቱም ያንን እርምጃ አምነውታል፤ መመለስ አይቻልም። ከዚያች ቅጽበት ጥቂት ብትቀድም ባዶ እግር ትመታለህ፤ ጥቂት ብትዘገይ ግንድ ትመታለህ። ስለዚህ አንድ ቀጭን ሰው ግዙፉን በጫማው ውስጠኛ ገጽ ነካ አድርጎ ሲጥለው ስናይ አስማት ይመስለናል። ያደረገው ግን ሰዓት ጠብቆ መንካት ነው።

ካኖ ጁ የተባለውን ቃል፣ ማለት ልስላሴን ወይም እሺ ባይነትን፣ ሲያስረዳ የቁጥር ምሳሌ ይሰጥ ነበር። የተጋጣሚህ ኃይል 10 ነው እንበል፤ ያንተ 7። በ10 ሲገፋህ በ7 ብትመክተው ያለ ጥርጥር ትረታለህ። ነገር ግን በገፋህ መጠን ወደ ኋላ ብትልለት፣ ግድግዳ አገኘሁ ብሎ የተደገፈው ሰው ባዶ ያገኛል፤ ወደ ፊት ያጋድላል። ባጋደለም ጊዜ ኃይሉ ራሱን ለማቆም ስለሚውል ለትግል የሚተርፈው 3 ብቻ ይሆናል። አንተ ግን ሚዛንህ ስላልተነካ 7ቱ በእጅህ አሉ፤ ከዚያም ግማሹ ይበቃሃል። ሥሌቱ የትምህርት ቤት ሥሌት ነው፤ የሰው ጉልበት እንደዚህ በቁጥር አይመዘንም። ሆኖም ነገሩን ያስጨብጣል።

እዚህ ላይ ግን የካኖ ታላቅነት በዚህች ምሳሌ አለመቆሙ ነው። ሌላው መምህር ቢሆን ኖሮ እሺ ማለት ሁሉን ያሸንፋል የሚል መፈክር ይዞ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። ካኖ ግን ሰው ከኋላ መጥቶ ወገብህን ቢያንቅህ እሺ የምትለው ለምንድን ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ። እጅህን ጨብጦ ለያዘህ ሰው የሚያስፈልገው ማላቀቂያ ነው፤ ይኸውም በቀጥታ መቃወም ነው፤ ነገር ግን በጣቶቹ በኩል ሳይሆን በአውራ ጣቱ በኩል፤ የጭብጡ ደካማ ስፍራ እርሱ ነውና። ስለዚህ ልስላሴ የብልሃቶች ሁሉ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከዚህ የሰፋ ሕግ ያስፈልጋል። ያገኘውም ሕግ ሴይርዮኩ ዜንዮ የተባለው ነው፤ ያለህን ኃይል ከሁሉ በሚሻለው መንገድ ማዋል ማለት ነው። መሸሽ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ መግፋት የሚሻልበት ጊዜ አለ። በክርን ላይ የሚደረገውን ጁጂ ጋታሜ የተባለውን ማጠፊያ ብንመለከት እንኳ ልስላሴ የለበትም። በጀርባህ ተኝተህ የሰውየውን ክንድ በሁለት ጭኖችህ መካከል ይዘህ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አቅንተህ፣ ዳሌህን ቀና ታደርጋለህ። ድንጋይ በዘንግ እንደሚፈነቀል ነው፤ ክንዱ ዘንግ፣ ያንተ ዳሌ መደገፊያ። አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚሆነው ለውበት አይደለም፤ ክርን የሚታጠፍበት አቅጣጫ እንዲታወቅና ተቃራኒው እንዲገኝ ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ጀርባና ዳሌ በአንዲት መገጣጠሚያ ላይ ሲዘምት የማንም ጡንቻ አይመክትም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ካኖ በ1882 ዓ.ም. ቶክዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል የቡዳ ቤተ መቅደስ 12 ምንጣፍ የሚያህል ክፍል ተከራይቶ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍት ተማሪዎቹ 9 ነበሩ። የሚወድቀው ሰው ብዛት የወለሉን ሳንቃ ይሰብረው ስለ ነበረ፣ መምህሩ ሌሊት መብራት ይዞ ከወለሉ ሥር እየገባ ይጠግን ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል የወሰነው ውሳኔ ለኔ ከስምንቱ አቅጣጫዎች ይበልጥብኛል። ከጥንቱ ጁጁትሱ የወረሳቸውን ብልሃቶች ለሁለት ከፈላቸው። ጡጫውን፣ ርግጫውን፣ ጣት መስበሩንና ይህን የመሰለውን አደገኛ ነገር በካታ፣ ማለት አስቀድሞ በተወሰነ ሥርዓት በሚደረግ ልምምድ ውስጥ አኖረው። የቀረውን፣ መጣሉንና መያዙን ግን ሁለት ሰዎች ያለ ስምምነት በሙሉ ኃይላቸው እንዲፎካከሩበት ፈቀደ፤ ይህ ራንዶሪ ይባላል።

ይህን ያደረገው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም። ዓይን የሚያጠፋ ብልሃት እጅግ አስፈሪ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጓደኛህ ላይ በእውነት ልትሞክረው አትችልም። ያልተሞከረውን ነገር ይሠራል ብለህ ታምናለህ እንጂ አታውቅም። ከአደጋ የነጻ መጣል ግን በቀን ሃያ ጊዜ፣ መጣልን እምቢ በሚል ሰው ላይ ይፈተናል። ካኖ ካታን ከሰዋስው፣ ራንዶሪን ከድርሰት ጋር ያመሳስላቸው ነበር። እኛ ብንሆን የቅኔ ቤቱን ነገር እናነሣ ነበር፤ አገባቡን ሁሉ በቃሉ የያዘ፣ ግሱን እንደ ውኃ የሚያወርድ፣ ነገር ግን መምህሩ ቅኔ ተቀኝ ሲሉት አንገቱን የሚደፋ ተማሪ አለ። ሰዋስው የማያውቀውም ቅኔ አይሆንለትም። በዓለም ላይ ዛሬ ሞልተው ከሚታዩት የትግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በሰዋስው ብቻ የቀሩ ናቸው፤ ተማሪው አየር ሲመታ ያማረ ነው፤ እምቢ ባይ ሲገጥመው ግን ያወቀው ሁሉ ይጠፋበታል። እንዲህ ያለው ስፍራ ነው ምሥጢራዊ ኃይል የሚባለው ተረት የሚበዛው።

ምክንያትን አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት በተረት ቢያልቅ መልካም ነበር።

ጁዶ የሚማር ሰው በመጀመሪያ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው፤ ኡኬሚ ይባላል። በጀርባው የሚወድቅ ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ መሬት በሚደርስበት ጊዜም ክንዱን ከጎኑ ጥቂት ዘርግቶ ምንጣፉን ይመታል። ብዙ ልጆች ይህን የሚያስተውሉት በድምፁ ነው፤ የሚጮኸው አመታት መልካም ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን የድንጋጤውን ኃይል በሰፊ ገጽ ላይ ማከፋፈል ነው፤ ክንድና ጀርባ የተካፈሉት ኃይል አንዲትን አጥንት አይሰብርም። ከዚህም የሚበልጠው አገጭን መሰብሰቡ ነው። በድምፁ የሚመካ ጀማሪ ይህንን ይረሳል። ጭንቅላቱ ከአካሉ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ራስ ቅሉ ሲዞርና በድንገት ሲቆም፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል የተዘረጉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ደሙ በውስጥ ይጠራቀማል፤ ልጁ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ቆይቶ ይወድቃል። ይህ እንዲደርስ ጭንቅላቱ በኃይል መሬት መምታት እንኳ አያስፈልገውም፤ መንገጫገጩ ሊበቃ ይችላል።

በዚያው በጁዶ ትውልድ አገር በጃፓን፣ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወደ ሠላሳ በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ፣ በትምህርት ቤቶች ጁዶ ሲለማመዱ የሞቱት ልጆች ቁጥር ከመቶ በላይ መሆኑ ሲገለጽ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ከሞቱት ብዙዎቹ ጀማሪዎች ነበሩ፤ ከጉዳቱም አብዛኛው የራስ ጉዳት ነበር። ብዙ ጊዜ ስሙ የተነሣው ብልሃትም ቅድም ያየነው ኦሶቶ ጋሪ ነው፤ የሚወድቀውን ሰው በቀጥታ በጀርባው ስለሚጥለውና ራሱን ለመሰብሰብ ጊዜ ስለማይሰጠው ነው። በ1955 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የጁዶ መምህር የመንግሥት ዲፕሎማ እንዲኖረው የሚያስገድደው የፈረንሳይ አገር፣ የተመዘገቡት ጁዶ ተጫዋቾቹ ከጃፓን የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ እንዲህ ያለ የሞት ቁጥር አልታየበትም። በጃፓን ብዙ ስፍራ ያስተምር የነበረው ግን ራሱ እንደ ተማረው ያስተምር ነበር፤ ጽና፣ ተነሥ፣ ድገም እያለ። የፉኩዳ ዘዴ ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ፉኩዳ ወጌሻ ነበሩ፤ የሰው አካል ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያውቁ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጃፓን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትግል ትምህርትን ግዴታ ሲያደርጉ የወላጆች ስጋት የበረታው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጁዶው ማኅበርም የራስ ጉዳትን ነገር ለመምህራን በጥብቅ ማስተማር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ውድድሩ ዓለም እንመለስ። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1964 ዓ.ም. በቶክዮ ነው። እኛ ያንን ጨዋታ የምናስታውሰው በአበበ ቢቂላ ነው፤ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ጥቅምት 21 ቀን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ከተማ ቡዶካን በሚባለው አዲስ አዳራሽ፣ ጃፓናውያን ሌላ ነገር አዩ። ክብደት በማይወሰንበት የጁዶ ውድድር የኔዘርላንዱ አንቶን ኼሲንክ፣ የጃፓኑን ካሚናጋን በመሬት ላይ ጠምዶ ያዘው፤ ጊዜውም እስኪሞላ አልለቀቀውም። አዳራሹ ዝም አለ። የአገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ኼሲንክ እጁን አንሥቶ እንዳይገቡ ከለከላቸው፤ ለተሸነፈው ሰውና ለሥርዓቱ ያሳየው ይህ አክብሮት ዛሬም በጃፓን ይነገርለታል።

ኼሲንክ ቁመቱ 2 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ግዙፍ ሰው ነበር። እንግዲህ ትንሹ ትልቁን ይረታል የተባለው የት ደረሰ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህ አባባል ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ ነበር የሚነገረው። ትንሹ ትልቁን የሚረታው ትንሹ አውቆ ትልቁ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ኼሲንክ ግን ጃፓን ድረስ እየተመላለሰ የተማረ፣ የኩዙሺን ነገር እንደ ካሚናጋ ያወቀ ሰው ነበር። ሁለቱም እኩል ሲያውቁ ክብደት ወደ ሥራው ይመለሳል። ዛሬ በኦሊምፒክ ወንዶችም ሴቶችም በየሰባት የክብደት ክፍል ተለያይተው የሚጋጠሙትና ክብደት የማይወሰንበት ውድድር ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ካኖ ራሱ ይህን አላየም፤ በ1938 ዓ.ም. ከካይሮ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስብሰባ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሞቷል።

አሁን ስለዚያች ስለ ትከሻ መንኰራኵር፣ ካኖ ፉኩሺማን ስለ ጣለባት ብልሃት አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም የጁዶ ማኅበር በ2010 ዓ.ም. ተጋጣሚን እግሩን በእጅ መያዝን ወሰነ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጨርሶ ከለከለው። ካታ ጉሩማ ደግሞ እንደ ተማርነው አንድ እጅ ክንድ፣ ሌላው እጅ ጭን ይዞ የሚደረግ ነው። ብልሃቱን በመልኩ ብቻ ያወቁ ሰዎች ሞተ ብለው ተዉት። ሌሎች ግን ጭን የሚያዘው ለምን ነበር ብለው ጠየቁ። ጭኑ የሚያዘው ሰውየው በትከሻ ላይ ሲያልፍ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለመጠበቅ ነው፤ የሚያነሣው ግን ከክብደቱ ማዕከል ሥር መግባቱና በእጅጌው ወደ ፊት መሳቡ ነው። ስለዚህ እጅጌውን በሁለት እጅ አጥብቀው ይይዙና፣ በድንገት በጉልበታቸው ተንበርክከው ከሥሩ ይገባሉ፤ እግሩን ሳይነኩ በትከሻቸው ላይ አንከባለው ያሳልፉታል። ዳኛውም እጁን ያነሣል፤ ነጥቡም ይመዘገባል።